መንፈሳዊነት ያለው ከሊጡ ውስጥ ነው

ወዳጆቼ፣ ገባኝ! ለብቻዬ ይዤው መተኛት ስላቃተኝ ለሁላችሁም ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የማይቀርልን ጥያቄ አለ። ካቶሊኮች «መንፈሳዊ ሕይወት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ጸሎት ማብዛት ነው? ከዓለም መሸሽ ነው? ወይስ ልዩ ስሜት ሲሰማን ነው? ከመካከላችን ኦርቶዶክስ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ካቶሊክም አለ፤ ሁሉም የሚመስለውን ይናገራል። ሥራ ቦታ ደግሞ «እኔ መንፈሳዊ ነኝ፣ ሃይማኖት ግን የለኝም» የሚል አሜሪካዊ ባልደረባ አይጠፋም። እሱ የሚለው ከሥርዓትና ከማኅበር የተለየ፣ ለብቻ የሚያዝ የውስጥ ሰላምን ነው። የካቶሊኮቹ ግን ሌላ ነው። እንዴት ሌላ እንደሆነ ሲበራልኝ የተሰማኝን ደስታ እናንተም እንድታገኙት እፈልጋለሁ።

ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር የለም። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፣ «መንፈሱ ማን ነው?» የሚለው ነው። በካቶሊክ እምነት ውስጥ መንፈሳዊ ሕይወት የሚጀምረው ከሰውየው አይደለም፤ ከመንፈስ ቅዱስ ነው። መንፈስ ቅዱስ ደግሞ ስሜት ወይም ኃይል ብቻ ሳይሆን ከሦስቱ የሥላሴ አካላት አንዱ ነው። ይህን ኦርቶዶክሶቹ ወዳጆቼ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ መንፈሳዊ ሰው ማለት መንፈስ ቅዱስ የሚመራው ሰው ማለት ነው። ስጦታው የሚሰጠው በጥምቀት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸሎት፣ ጾምና ምጽዋት ሁሉ ለዚያ ስጦታ የሚሰጥ መልስ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ! ሰው በራሱ ጉልበት ወደ ሰማይ እየወጣ አይደለም። መጀመሪያ ወደ እሱ የመጣለት አለ።

ሁለተኛው ደረጃ ለእኔ መብራቱ የበራበት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 5፣ «የሥጋ ሥራ» ያላቸውን ይዘረዝራል፤ ቀጥሎም የመንፈስን ፍሬ ይዘረዝራል። አብዛኞቻችን «ሥጋ» ሲባል ሆድን፣ እንቅልፍን፣ ይህን የምንሸከመውን ገላ እናስባለን። በዚህ ከሄድን መንፈሳዊ መሆን ከገላችን መራቅ ይሆናል። አሁን ግን ዝርዝሩን ቀስ ብላችሁ እዩት። ስካርና ዝሙት አለበት፤ እሺ። ግን ቅናትም አለበት! ቁጣም፣ ጥልም፣ መለያየትም፣ ምቀኝነትም! ምቀኝነት የትኛውን የሰውነት ክፍል ይፈልጋል? ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ፣ እጁንም እግሩንም ሳያንቀሳቅስ ሲመቀኝ ማደር ይችላል።

አያችሁ? ጳውሎስ ገላን ከነፍስ እያጣላ አይደለም። የሰው ሙሉ ሕይወት፣ ገላውም ነፍሱም ጭምር፣ ወዴት አቅጣጫ እንደዞረ ነው የሚናገረው። ወደ ራሱ ብቻ የዞረ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ቢጾም እንኳ ሥጋዊ ሊሆን ይችላል። ወደ እግዚአብሔርና ወደ ባልንጀራው የዞረ ሰው ደግሞ ድንች እየላጠ መንፈሳዊ ነው። የመንፈስ ፍሬ የተባሉትንም አስተውሉ፤ ፍቅር፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ ራስን መግዛት። እነዚህ የሚታዩት የት ነው? ማድቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ የልጆች ጫጫታ መሀል፣ ከአለቃ ጋር ስንነጋገር!

ሁላችንም በምናውቀው ነገር ላስረዳ፤ በእርሾ። የጤፍ ዱቄት በውሃ ተቦክቷል እንበል። እርሾ ካልገባበት ዱቄትና ውሃ ሆኖ ይቀራል። እርሾው ሲገባ ግን ዱቄቱን አያስወጣውም፣ ከላዩም አይንሳፈፍም። ውስጡ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ለይታችሁ አታወጡትም። ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብሎ ይሠራል፤ ሊጡ ያው ሊጥ ነው፣ ግን ሌላ ሆኗል። ምጣዱ ላይ ሲሰጣ ዓይን የሚያወጣው ለዚህ ነው። ካቶሊኮች መንፈሳዊ ሕይወት የሚሉት ይህንን ነው። ሊጡ ያለን ሕይወት ነው፤ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ድካሙ፣ ኪራዩ። እርሾው መንፈስ ቅዱስ ነው። እርሾ ዱቄት ጠልቶ አያውቅም፤ ያለ ዱቄትማ ምን ላይ ይሠራል?

ይህ ከገባችሁ ሦስተኛው ደረጃ ራሱ ይከፈታል። ሰው ሙሉ ለሙሉ፣ ከነገላው ከሆነ የተፈለገው፣ የካቶሊክ ጸሎት ለምን ሁልጊዜ የሚዳሰስ ነገር እንደሚይዝ ግልጽ ይሆናል። ሰባቱን ምሥጢራት ተመልከቱ፤ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ክህነት፣ ተክሊል። ውሃ አለ፣ ዘይት አለ፣ እንጀራና ወይን አለ፣ የሚጫን እጅ አለ፣ በጆሮ የሚሰማ የይቅርታ ቃል አለ። አንድም ከገላ የሸሸ የለም! ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ እግዚአብሔር ራሱ ሥጋ ለብሶ በድንግል ማርያም ማኅፀን አድሯልና ይላሉ። አምላክ ያልናቀውን ገላ እኛ የምንንቅበት ምክንያት የለም።

ጾሙንም በዚህ ዓይን እዩት። አብዛኞቹ ካቶሊኮች በሚከተሉት በላቲን ሥርዓት የጾሙ ሕግ ለእኛ ቀላል ይመስላል። በአመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ከ18 እስከ 59 ዓመት ያሉት አንድ ሙሉ ማዕድና ሁለት ትናንሽ ምግብ ብቻ ይበላሉ፤ በዐቢይ ጾም ዓርቦች ደግሞ ከ14 ዓመት ጀምሮ ሥጋ አይበላም። በዚያ ወቅት በኦሃዮ ከተሞች ስታልፉ በየካቶሊክ ቁምስናው (አጥቢያው) ደጅ «ፊሽ ፍራይ» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። አዳራሹ ይሞላል፣ ዓሣው ይጠበሳል፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ እንዴት መንፈሳዊ ይሆናል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጾሙ ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር ሦስት ሆኖ ነው የሚሄደው። ከራስ ተቀንሶ ለሌላ የሚተርፍ ነገር እስካለ ድረስ ሥራው እየተሠራ ነው። እኛ ረቡዕንና ዓርብን በሽሮና በምስር አሳልፈን ጎረቤት የምንጠራው በምን ይለያል?

አሁን ወደ አራተኛው እንሻገር፤ እንዴት ይጸለያል? በ1992 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ዘመን የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ አራት ክፍሎች አሉት፤ የሚታመነው፣ የሚከበሩት ምሥጢራት፣ የሚኖረው ሕይወት፣ በመጨረሻም ጸሎት። አራቱ አንድ መጽሐፍ ውስጥ መሆናቸው ራሱ ትምህርት ነው፤ ጸሎቱ ከእምነቱ፣ እምነቱም ከኑሮው አይነጠልም። ጸሎትን ደግሞ በሦስት መልክ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው በአፍ የሚባለው ነው፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ መቁጠሪያ ይዞ የሚደገመው የማርያም ጸሎት። ሁለተኛው ማሰላሰል ነው፤ አንድ የወንጌል ታሪክ ይዞ በልብ ማመላለስ። ሦስተኛው ቃል የማይበዛበት፣ በፍቅር ዝም ብሎ ከእግዚአብሔር ፊት መቀመጥ ነው። ሦስተኛውን የሚያውቁት መነኮሳት ብቻ እንዳይመስሏችሁ! አንዲት እናት የተኛ ልጇን ቁጭ ብላ ስታይ ቃል ትፈልጋለች?

ከሁለቱ ወደ ሦስተኛው የሚያደርስ አሮጌ መንገድም አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጊጎ 2ኛ የሚባል የካርቱዝያን መነኩሴ በአራት እርከን አስቀመጠው። መጀመሪያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ይነበባል፤ ጥቂት! ከዚያ የነካንን ቃል ይዘን እናሰላስላለን። ከዚያ ስለዚያ ቃል ከእግዚአብሔር ጋር እንነጋገራለን። በመጨረሻ ዝም እንላለን። ይኸው ነው። አንድ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ የምሳ እረፍት ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ነገር ነው።

አምስተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር አለ። «የፍራንቸስካውያን መንፈሳዊነት»፣ «የኢየሱሳውያን መንፈሳዊነት» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ብዙ ሃይማኖት ነው እንዴ? አይደለም! የእያንዳንዱ ቤት እርሾ ለእንጀራው የራሱን ጣዕም እንደሚሰጠው፣ ጤፉ ግን ያው ጤፍ እንደሆነው ነው። እምነቱ አንድ፣ ምሥጢራቱ አንድ፣ ወንጌሉ አንድ ነው፤ ግን አንድ ቅዱስ ወንጌሉን በሙሉ ልቡ ኖረ፣ ሰዎች ከእሱ ተምረው ኖሩ፣ ለተከታዩ ትውልድ አሳለፉ። የአሲሲው ፍራንቸስኮስ በድህነት፣ ቤኔዲክቶስ ጸሎትንና ሥራን በሰዓት በማያያዝ፣ ዶሚኒኮስ በማጥናትና በመስበክ፣ ቪንሴንሶስ ድሆችን በማገልገል።

በኮሎምበስና በአካባቢው ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ከከተማው በስተ ምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ሰመርሴት አጠገብ፣ በኦሃዮ የመጀመሪያው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1818 ሲመሠረት፣ የመሠረቱት እነኤድዋርድ ፌንዊክ የዶሚኒኮስ ልጆች ነበሩ። የኮሎምበስ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ከዚያ 50 ዓመት ቆይቶ በ1868 ነው። መሀል ከተማ ያለው የቅዱስ ፓትሪክ ቁምስና እስከ ዛሬ በዶሚኒካውያን እጅ ነው፤ በ1911 የዶሚኒኮስ እኅቶች የጀመሩት ኮሌጅም ዛሬ ኦሃዮ ዶሚኒካን ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ለምን ዩኒቨርሲቲ? ምክንያቱም በዚያ ቤት ማጥናት ራሱ ጸሎት ነው! እውነት ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ መጀመሪያ በጸሎትና በጥናት ይቀበላሉ፣ ከዚያ ለሌላው ያካፍላሉ። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ፈተና የሚያጠና ተማሪ ባየሁ ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል።

በሰሜን በኩል፣ ሃይ ስትሪትን ይዛችሁ ስትወጡ ጆሴፊነም የሚባል ትልቅ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አለ። ጅማሬው የሚገርም ነው። ጆሴፍ ጄሲንግ የሚባሉ ጀርመናዊ ስደተኛ ካህን ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስበው ያሳድጉ ነበር፤ ለልጆቹ መርጃም የጀርመንኛ ጋዜጣ ያትሙ ነበር። ከዚያ ቤት ነው በ1888 የዘርዐ ክህነት ትምህርቱ የበቀለው። በ1892 ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ጳጳሳዊ ማዕረግ ሰጡት። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? መጀመሪያ ለልጆቹ እንጀራ፣ ከዚያ የካህናት ትምህርት ቤት!

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ደግሞ ታሪኩ ይበልጥ ይጠጋናል። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በሮም ሲኖር፣ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ ከደብረ ሊባኖስ የሄዱ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ያውቁት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ያሳተሙ ሊቅ ናቸው። ኢግናጥዮስም በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፏል። አስቡት፤ ስለ እሱ ስናነብ ስለ ሩቅ ሰው እያነበብን አይደለም!

ኢግናጥዮስ ወታደር ነበር። በ1521 ፓምፕሎና ላይ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው። አልጋ ላይ ሳለ የጀግኖች ታሪክ እንዲያመጡለት ጠየቀ፤ ቤቱ ውስጥ የተገኘው ግን የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ብቻ ነበር። እያነበበ አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ጀግንነትና ስለ ክብር ሲያልም ለጊዜው ደስ ይለዋል፤ ሐሳቡ ሲያልፍ ግን ልቡ ይደርቃል። እንደ ቅዱሳኑ ልኑር ብሎ ሲያስብ ግን ደስታው ሐሳቡ ካለፈም በኋላ ይቆያል። እንዴ! ለካ ከልብ ውስጥ የሚያልፉት ነገሮች የየራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ። ከዚህ ትንሽ ማስተዋል ተነሥቶ መናፍስትን የመለየት ትምህርቱን አዳበረ፤ መንፈሳዊ ልምምድ የተባለው መጽሐፉም በ1548 በር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ ጸደቀ።

ከኢየሱሳውያን ታሪክ ግን ሀገራችን መራራ ገጽም አላት፤ መዝለል የለብንም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የኢትዮጵያን የአምልኮ ሥርዓትና ልማድ ወደ ላቲኑ ሊለውጡ ሲነሡ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ሕዝቡን ወደ ቀደመው እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የሌላን ቤት እርሾ በግድ ጨምሮ የራሱን ማፍሰስ ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ሰው ግን በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ዩስቲኖ ዴ ያኮቢስ፣ እኛ አባ ያዕቆብ የምንላቸው፣ በ1839 ዐድዋ ገቡ። የቪንሴንሶስ ልጅ ናቸው፤ የዚያ ቤት ትምህርት ደግሞ ጸሎት ላይ ሳለህ ድሃ ከጠራህ ተነሣና ሂድ፣ እግዚአብሔርን የምትተወው ለእግዚአብሔር ብለህ ነው የሚል ነው። አባ ያዕቆብ ቋንቋችንን ተማሩ፣ እንደ ሀገሬው መነኩሴ ለበሱ፣ እንደ ሀገሬው በሉ፣ ተከታዮቻቸውንም በግእዝ ሥርዓት እንዲጸልዩ አደረጉ። በ1860 ሐላይ አጠገብ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ በ1975 ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ብለው ሰየሟቸው። ከእሳቸው ጋር የተጓዙት የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል፣ በ1791 መርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነትን ሲፈልጉ ኖረው በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሞቱ፤ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። ዛሬ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግእዝ ሥርዓት የምትቀድሰው ከዚህ ዘር ነው። ሸዋ ውስጥ መንዲዳ ላይ ደግሞ የቤኔዲክቶስን ደንብ የሚከተሉ የሲስተርሲያን መነኮሳት አሉ። አንዱ እምነት የሀገሩን ልብስ እንደለበሰ ይኖራል።

ስድስተኛው ደረጃ የሁላችንን ሰበብ የሚያስቀር ነው፤ ይህ ሁሉ ለማን ነው? ለመነኮሳት? ፍራንሷ ደ ሳል የሚባል ጳጳስ በ1609 ለተራ ሰዎች መጽሐፍ ጻፈ፤ ወታደሩም፣ ባለ ሱቁም፣ ባለ ትዳሩም በየሥራው ሆኖ መንፈሳዊ ሕይወት መኖር እንደሚችል፣ ግን እያንዳንዱ በሥራው መጠን መሆን እንዳለበት አስረዳ። የልጆች አባት እንደ መነኩሴ ሌሊቱን ሙሉ ልቁም ቢል ልክ አይሆንም፤ ልጆቹን ማን ያያቸዋል? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በኅዳር 1964 ባወጣው የቤተ ክርስቲያን ሰነድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ሰጥቷል፤ ወደ ቅድስና የተጠራው የተጠመቀ ሁሉ ነው።

ሁሉም! ዌርሃውስ ውስጥ ሌሊት ዕቃ የሚያነሣው፣ ትራክ የሚነዳው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን የምታጥበው እኅታችን ጭምር። በ15 ዓመቷ ገዳም ገብታ በ1897 በ24 ዓመቷ የሞተችውን የሊዝዮዋን ቴሬዛን ተመልከቱ። ትልልቅ ተአምር አላደረገችም። ጠባይዋ ከሚያስቸግራት አንዲት እኅት ጋር በተገናኘች ቁጥር ፈገግ ትልላት ነበር፤ ያቺ እኅት በጣም የምትወዳት መስሏት ለምን እንደምትስቅላት እስክትጠይቃት ድረስ! ይህችን ወጣት ነው ቤተ ክርስቲያን በ1997 ከመምህራኗ ተርታ ያስቀመጠቻት። መንገዷ ትንሽ ነገርን በትልቅ ፍቅር ማድረግ ነው። ከምናስቸግራቸውና ከሚያስቸግሩን ጋር አንድ ፈረቃ ለምንሠራ ሰዎች ከዚህ የቀረበ ትምህርት አላውቅም።

አንድ ጥያቄ ቀረ። ምንም ካልተሰማንስ? ጸሎቱ ደረቅ ከሆነስ? እዚህ ላይ የካቶሊክ ትምህርት በጣም ያጽናናል። የመስቀሉ ዮሐንስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ድርቀት ጨለማ ሌሊት ብሎ ጠርቶ፣ ብዙ ጊዜ ነፍስ የምታድግበት ወቅት እንደሆነ አስተምሯል። ማዘር ቴሬዛን ሁላችንም እናውቃታለን፤ አዲስ አበባ ውስጥ እኅቶቿ ከየመንገዱ የወደቁትን ሲያነሡ ያላየ የለም። በ2007 ደብዳቤዎቿ ሲታተሙ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጸሎቷ ውስጥ ባዶነት ይሰማት እንደነበር ዓለም አወቀ። ግን በየቀኑ ትጸልይ ነበር፣ በየቀኑ ድሆቹን ታነሣ ነበር። መለኪያው ስሜት አይደለም ማለት ነው! እርሾ ሲሠራ ድምፅ የለውም። መለኪያው ፍሬው ነው፤ ትዕግሥት ጨመርኩ? ይቅር ማለት ቻልኩ? ሰው በእኔ ምክንያት ሸክሙ ቀለለለት?

እንግዲህ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። ለካቶሊክ መንፈሳዊነት የሕይወት አንድ ክፍል አይደለም፤ ሙሉው ሕይወት በመንፈስ ቅዱስ ሲመራ ነው። ገላን አይተውም፣ ሥራን አይተውም፣ ሰውን አይተውም። ብዙ ቤቶች አሉት፤ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ፍሬው የሚቀመሰው በጎረቤት ነው።

አሁን ደግሞ እንሞክረው። ኢግናጥዮስ ተከታዮቹ ሌላው ጸሎት ቢታጎልባቸው እንኳ እንዳይተዉት የሚፈልገው የማታ ጸሎት አለ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ አምስት ነገር አለው። አንደኛ፣ ስለ ቀኑ አመስግኑ፤ በስም እየጠራችሁ፣ ስለ ጸሐዩም ስለ ምሳውም። ሁለተኛ፣ ቀናችሁን በእውነት ለማየት ብርሃን ለምኑ። ሦስተኛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሰዓቱን እየተከተላችሁ እለፉበት፤ ልቤ የሰፋው የት ነበር? የጠበበውስ? አራተኛ፣ ለበደላችሁት ይቅርታ ጠይቁ። አምስተኛ፣ ለነገ አንድ ነገር ብቻ ቁረጡ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ አንድ ስልክ።

ኦርቶዶክስም ሁኑ ፕሮቴስታንት፣ ሙስሊምም ሁኑ ካቶሊክ፣ ቀንን በምስጋና መመርመር ማንንም አይጎዳም። መሀል ከተማ ለሥራ ስትወርዱ ደግሞ ብሮድ ስትሪት ላይ ወዳለው ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል ጎራ በሉ። የሀገረ ስብከቱ የመጀመሪያው ጳጳስ ሲልቬስተር ሮዝክራንስ ኦክቶበር 20 ቀን 1878 የባረኩት ቤት ነው፤ እሳቸውም በማግሥቱ ዐረፉ። ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጡና ከዚያ ወደ ሥራችሁ ሂዱ፤ ጸሎቱ እዚያም ይቀጥላል። ዛሬ ማታ ግን አምስቱን ሞክሩልኝ፤ ቅዳሜ ቡና ላይ ስንገናኝም ምን እንዳገኛችሁ ንገሩኝ።